ክልል 7 የት ገባ? የምርጫ አስተያየት ጥናት ከናሙና እስከ መዝገብ

ምርጫ በቀረበ ቁጥር በቴሌግራም ቻናሎችና በፌስቡክ ገጾች «ማንን ትመርጣላችሁ?» የሚል ድምፅ ማሰባሰቢያ ይከፈታል። በአንድ ሌሊት ሃምሳ ሺህ ሰው ይጫናል፤ ሲነጋ ውጤቱ «ሕዝቡ የሚፈልገው ይህን ነው» ተብሎ ይሠራጫል። ሌላው ወገን በራሱ ቻናል የራሱን ይከፍትና ፍጹም የተለየ ቁጥር ይዞ ይመጣል። በ2018 ዓ.ም. እንዲካሄድ የታቀደው ሰባተኛው ሀገራዊ ምርጫም ከዚህ አላመለጠም። እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ሁለት ቁጥሮች የገጠሙት አንባቢ ወይ ደስ ያለውን ያምናል፣ ወይ «እዚህ አገር የሰው ልብ አይለካም» ብሎ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል።

አይለካም ማለት ግን ትክክል አይደለም። በኢትዮጵያ ውስጥ በሥርዓት የተነደፉ አገር አቀፍ የአስተያየት ጥናቶች ተካሂደዋል፤ መረጃቸውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ጥያቄው እነዚህ ጥናቶች በምን ይቆማሉ፣ የትኛውስ ቦታ ላይ ይናጋሉ የሚለው ነው። በጋዜጣ የሚወጣው መቶኛ የአንድ ረጅም ሥራ የመጨረሻ መስመር ብቻ ነው፤ ብዙው ብልሽት የሚገባው ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት ወይም መልሱ ከተጻፈ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ የኢትዮጵያ ነው።)

ሃምሳ ሺህ ከ2,400 የሚያንስበት ምክንያት

የቴሌግራሙ የፈቃደኞች ድምፅ ነው። የሚመልሰው ቻናሉን የሚከታተል፣ በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት የነበረውና ለመጫን የፈለገ ሰው ነው። የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ በተለምዶ «ሰርቬይ» የሚባለው፣ በተቃራኒው መላሹን ራሱ ፈልጎ ይሄዳል፤ ኋላ የምናየው ጥናት የሚጠይቀው 2,400 ሰው ብቻ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ማንኛውም ነዋሪ የመመረጥ ዕድል ይኖረዋል፤ ዕድሉም ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። ይህ ሲሟላ ነው ጥቂት ሰው ስለ ብዙ ሰው የሚናገረው።

ቡና ጭኖ የመጣ መኪና ጥራቱ ሲመረመር ባለሙያው ከየጆንያው ጥቂት ጥቂት ወግቶ ያወጣል። ከላይኛው ጆንያ ብቻ አንድ ኩንታል ቢዘግን ከታች ስላለው የሚያውቀው ነገር የለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በከተማ ይኖር የነበረው ሕዝብ 16 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የከተማው ድርሻ ቢያድግም አብዛኛው መራጭ ዛሬም ገጠር ነው ያለው። ሃምሳ ሺሁ ወደ አምስት መቶ ሺህ ቢያድግ የሚጨመረው ያው የላይኛው ጆንያ ነው።

የጎደለው ቆጠራ

ዕድሉ እንዲታወቅ ዝርዝር ያስፈልጋል። ባለሙያዎች የናሙና ማዕቀፍ ይሉታል፤ ናሙናው የሚወጣበት ሙሉ ዝርዝር ማለት ነው። የሁሉም ዜጋ ስም ዝርዝር ስለሌለ በተግባር የሚያገለግለው የቆጠራ ቦታዎች ዝርዝር ነው። የቆጠራ ቦታ ማለት ለሕዝብ ቆጠራ ሲባል በካርታ ላይ ተለይቶ የተከለለ፣ አንድ ቆጣሪ ሊሸፍነው የሚችል ትንሽ ሠፈር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ ግን የግንቦት 1999 ነው፤ በአፋርና በሶማሌ ደግሞ የኅዳር 2000። አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተላልፎ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው አሁንም አራዘሙት። በ2018 ዓ.ም. 18 ዓመት የሞላው መራጭ ያ ቆጠራ ሲካሄድ ወይ አልተወለደም ወይ አራስ ቤት ነበር።

ለአራተኛው ቆጠራ የተሠራው የካርታ ሥራ ግን ሜዳ ላይ አልቀረም። በ1999ኙ ማዕቀፍ አገሪቱ 84,915 የቆጠራ ቦታዎች ነበሯት፤ በአንዱ በአማካይ 181 ቤተሰብ ይኖር ነበር። በአዲሱ ካርታ ቁጥሩ 149,093 ሆኗል፤ አማካዩም ወደ 131 ቤተሰብ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ናሙናውን ያወጣው ከዚህ ዝርዝር ነው። ስለዚህ «ከ1999 ወዲህ ምንም የለም» የሚለው አባባል የተጋነነ ነው። አዲሱ ካርታም ቢሆን የተሣለው ከጦርነቱ በፊት መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። የአገር ውስጥ መፈናቀልን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በኢትዮጵያ 5.1 ሚሊዮን የመፈናቀል ክስተት መዝግቧል፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ቢፈናቀል ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። በወረቀት ላይ 131 ቤተሰብ ያለው ቦታ ዛሬ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሜዳ የነበረው ደግሞ መጠለያ።

የመራጮች መዝገብን ለምን ማዕቀፍ አናደርገውም የሚሉ አሉ። ለስድስተኛው ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል፤ ትንሽ ዝርዝር አይደለም። ይሁን እንጂ የምርጫ ጥናት ሊያውቀው ከሚገባው ነገር አንዱ ያልተመዘገበው ሰው ለምን እንዳልተመዘገበ ነው፤ እሱን ደግሞ ከመዝገቡ አያገኘውም።

ቀጥሎ ያለው ውሳኔ ናሙናውን በየክልሉና በከተማ በገጠር መከፋፈል ነው። በሕዝብ ብዛት ልክ ብቻ ቢከፋፈል ምን እንደሚሆን ሐረሪ ያሳየናል። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 183 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከ73.7 ሚሊዮኑ ሩብ በመቶ ማለት ነው። ከ2,400 መላሽ የሚደርሰው ስድስት ሰው ነው። ስለ ሐረሪ ለመናገር የሚፈልግ ጥናት እዚያ ሆን ብሎ ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ በኋላ አገር አቀፉ ስሌት ሲሠራ የእያንዳንዱን ሐረሪ መላሽ ድርሻ መልሶ ያሳንሳል። ይህ ማስተካከያ ክብደት ይባላል። የክብደቱን ዓምድ ረስቶ መቶኛ የሚያወጣ ሰው፣ ሳያውቀው ትናንሽ ክልሎችን ግዙፍ አድርጎ ይቆጥራል። መረጃውን አውርደው የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

ስምንት ቤት፣ አንድ ሠፈር

በአፍሪካ ትልቁ የአስተያየት ጥናት አፍሮባሮሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በ12 አገሮች ተጀመረ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ከዚያም ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ተካሂዷል። በሁለተኛው 2,378 ሰዎች ተጠይቀዋል። የንድፉ ስሌት ቀላል ነው፤ በአንድ የቆጠራ ቦታ ስምንት ሰው፣ 300 ቦታ፣ ድምሩ 2,400።

ሠፈሩ ውስጥ ከተደረሰ በኋላስ? የቡድኑ አስተባባሪ በዕጣ የመነሻ ነጥብ ያገኛል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከዚያ በአራት አቅጣጫ ይበተናሉ። ስንተኛውን ቤት እንደሚያንኳኩ የሚወስነው የዕለቱ ቀን ነው፤ ቀኑ 14 ከሆነ አንድና አራት ተደምሮ አምስተኛው ቤት ይሆናል። አንድ መረጃ ሰብሳቢ ይህን ደንብ ይዞ ገጠር ሲወርድ የሚገጥመውን መገመት አያስቸግርም፤ በታብሌቱ ሰኔ ወር ላይ 14 የሚለው ቀን በግድግዳው ካላንደር ሰኔ 7 ነው። በአንዱ አምስተኛ ቤት፣ በሌላው ሰባተኛ ቤት። ሁሉም ሰው አንድ ዘመን አቆጣጠር እስከተጠቀመ ድረስ የቱም ቢሆን ለውጥ የለውም፤ ግማሹ በዚህ ግማሹ በዚያ ከሄደ ግን ተቆጣጣሪው የትኛው ቤት በደንቡ እንደተመረጠ ማረጋገጥ አይችልም።

ቤቱ ውስጥ ከሚኖሩት መካከል ማን እንደሚጠየቅም በዕጣ ነው፤ አንድ ቤት ወንድ ከሆነ ቀጣዩ ሴት። ፈተናው ያለው እዚህ ነው። ዕጣው የወጣው ለልጅቱ ነው፤ ልጅቱ ወፍጮ ቤት ሄዳለች፤ አባወራው «እኔ እመልስልሃለሁ፣ እሷ ምን ታውቃለች» ይላል። ቀኑ እየመሸ ነው፤ መኪናው ይጠብቃል። ደንቡ ተመልሶ መምጣት ነው፤ ካልተገኘችም ወደ ሌላ ቤት መሄድ እንጂ አባቷን መጠየቅ አይደለም። ይህ ደንብ በተጣሰበት ቦታ ሁሉ መረጃው ወደ አባወራው ሐሳብ ያጋድላል፤ ከፋይሉ ላይ ግን አይታይም።

የጸጥታ ችግር ያለበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቦታው በሌላ ይተካል። መተካቱ ግድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የማይደረስበት ሠፈር ሰው ስለ ምርጫው ያለው አስተያየት ከሚደረስበት ሰው ጋር አንድ ነው ብሎ መገመት ያስቸግራል። በእኔ ግምት አንድ ጥናት ታማኝ መሆኑን ለመመዘን ከናሙናው መጠን በፊት መጠየቅ ያለበት ስንት ቦታ ተተካ፣ ከየትኛው ክልል የሚለው ነው። መልሱ በሪፖርቱ ላይ ካልተጻፈ ጠርጥሩ።

«ከቀበሌ ነው የመጣችሁ?»

መረጃ ሰብሳቢ ወደ አንድ ሠፈር የሚገባው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ነው፤ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚወርድ። ብዙ ጊዜም መንገድ የሚያሳይ የአካባቢ ሰው አብሮት ይሄዳል። ያለ ደብዳቤ መጠየቅ ያስጠረጥራል፣ ሊያሳስርም ይችላል። ደብዳቤው ግን የራሱ ዋጋ አለው። በር የከፈተችው ሴት የምታየው ከቀበሌ ሰው ጋር የመጣ፣ መታወቂያ በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ታብሌት የያዘ እንግዳ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ለእርዳታ ነው የምትመዘግቡን?» ወይም «ከቀበሌ ነው የመጣችሁ?» ቢሆን አያስገርምም። ከዚያ በኋላ «በምርጫ ለየትኛው ፓርቲ ድምፅ ይሰጣሉ?» ሲባል ምን እንደምትል ራስዎን በእሷ ቦታ አድርገው ይመልከቱት።

አፍሮባሮሜትር ይህን ስለሚያውቅ በመጠይቁ ማብቂያ ላይ «ይህን ጥናት እንድናካሂድ የላከን ማን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ብልህ ጥያቄ ነው፤ «መንግሥት ነው» ያሉትን ካላሉት ለይቶ መልሳቸውን ለማነጻጸር ያስችላል። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች መረጃ ላይ የሠሩ አጥኚዎች ጠያቂውን የመንግሥት ሰው አድርገው የሚገምቱ መላሾች በመንግሥት ላይ ያላቸውን እምነት ከፍ አድርገው እንደሚናገሩ አሳይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ከኢትዮጵያ የመጣው ውጤት ክርክር ያስነሣውም ለዚህ ነው። የመናገር ነጻነት በጠበበበት ዘመን እጅግ ብዙ መላሾች ለአገሪቱ ዴሞክራሲ ከፍተኛ ነጥብ ሰጡ። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ ይህን በመረመሩበት ጽሑፍ ሦስት ማብራሪያዎችን አነሡ፤ ፍርሃት፣ የመረጃ እጥረት ወይም ስለ ዴሞክራሲ የተለየ ግንዛቤ። አንዳንዶች ፍርሃት ባለበት የሚሰበሰብ መረጃ ከንቱ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ፍርሃቱ ራሱ ሊለካ የሚገባው ነገር ነው፤ ጥናቱ ቢቀር ፍርሃቱ አይቀርም፣ የሚቀረው ስለ ፍርሃቱ ያለን እውቀት ነው ይላሉ። ሁለተኛው ክርክር ሚዛን ይደፋል፤ ግን የሚያዋጣው ፍርሃትን የሚለካ መሣሪያ በንድፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ከገባ ብቻ ነው።

መሣሪያው አለ። አንዱ የዝርዝር ዘዴ ይባላል። መላሾች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ለግማሾቹ ሦስት ገለልተኛ አረፍተ ነገሮች ይነበቡላቸዋል፤ ለሌሎቹ እነዚያው ሦስቱ ላይ አንድ አስፈሪ አረፍተ ነገር ይታከላል። «ስንቱ እርስዎን ይመለከታል?» ይባላሉ፤ የትኛው ተብለው አይጠየቁም። የመጀመሪያው ቡድን አማካይ 1.8፣ የሁለተኛው 2.1 ቢሆን ልዩነቱ 0.3 ነው፤ አስፈሪው ነገር የሚመለከተው 30 በመቶውን ነው ማለት ነው። ማን እንደሆነ ጠያቂውም አያውቅም። ጉዳቱ ደግሞ ግምቱ ሰፊ ስህተት ይዞ መምጣቱ ስለሆነ ብዙ መላሽ ይፈልጋል።

መንግሥት ስንል

መጠይቁ ወደ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይተረጎማል። የተለመደው መቆጣጠሪያ የመልስ ትርጉም ነው፤ አንዱ የተረጎመውን ሌላው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፣ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ይህ ዘዴ የማይይዘው ስህተት አለ። በአማርኛ «መንግሥት» የሚለው ቃል ሥልጣን ላይ ያለውን አስተዳደርም፣ ከፓርቲ በላይ የሆነውን የአገረ መንግሥት ተቋምም ያመለክታል። «በመንግሥት ላይ ያለዎት እምነት ምን ያህል ነው?» ሲባል አንዱ መላሽ ስለ ገዢው ፓርቲ ይመልሳል፣ ሌላው «መንግሥትማ መኖር አለበት» ብሎ ስለ ሥርዓቱ። ቃሉ ሲመለስ ግን በትክክል ይመለሳል፤ ወረቀቱ ላይ ምንም ጉድለት አይታይም።

አሉታዊ አረፍተ ነገርም እንዲሁ ነው። «እርስዎ ባለፈው ምርጫ አልመረጡም?» ለሚል ጥያቄ «አዎ» ማለት አልመረጥኩም ማለት ነው ለብዙዎች፤ ለአንዳንዶች ግን መርጫለሁ ነው። እነዚህን የሚያወጣቸው ቅድመ ሙከራ ብቻ ነው፤ ጥቂት ሰዎችን ጠይቆ መልሳቸውን ካገኙ በኋላ «ጥያቄውን ምን ብለው ነው የተረዱት?» ማለት። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘውም ይኸው ነው።

«ሲደመር ሲቀነስ ሁለት» የሚባለው

ዜናው ብዙ ጊዜ «የስህተት ኅዳጉ ሲደመር ሲቀነስ 2 በመቶ ነው» ብሎ ያበቃል። የስህተት ኅዳግ ማለት በዕጣ የተነሣ ብቻ ውጤቱ ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበት መጠን ነው። ለ2,400 ሰው 2 የሚለው ቁጥር የሚሠራው ሁሉም ለየብቻው ከመላ አገሪቱ ቢመረጥ ነው። በተግባር የተመረጡት ስምንት ስምንት ሆነው ከአንድ ሠፈር ነው፤ የአንድ ሠፈር ሰው ደግሞ ይመሳሰላል። መመሳሰሉ በመጠኑ ከሆነ (ከ0 እስከ 1 በሚለካው የባለሙያዎች ስሌት 0.1) 2,400ው ሰው የሚያገለግለው እንደ 1,400 ገደማ ነው፤ ኅዳጉም 2.6 ይሆናል። ድምፅ በብሔርና በአካባቢ በሚሰጥበት አገር መመሳሰሉ 0.3 ቢደርስ 770 ገደማ ሰው እንደጠየቁ ያህል ነው፣ ኅዳጉም 3.5። 96 መላሽ ላለው አንድ ክልል ደግሞ መመሳሰሉን ትተን እንኳ ኅዳጉ 10 ነው፤ 45 የተባለው ከ35 እስከ 55 የትም ሊሆን ይችላል። ከፍርሃት፣ ከተተካ ሠፈር ወይም ከትርጉም የሚመጣው ስህተት በዚህ ሒሳብ ውስጥ ጭራሽ የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አገር አቀፍ መቶኛ ወንበር አይነግርም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 የምርጫ ክልሎች አሉት፤ በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ያለው ያሸንፋል። 2,400 ለ547 ሲካፈል በአንድ የምርጫ ክልል አራት ሰው ከምናምን ነው። በ1997 ቅንጅት በአዲስ አበባ ያሉትን 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ወስዷል፤ እንዲህ ያለ ጠቅላላ ጠረጋ በድምፅ ድርሻ ላይ ከሚታየው ልዩነት በላይ ነው። «እገሌ ፓርቲ ይህን ያህል ወንበር ያገኛል» ብሎ ከአንድ አገር አቀፍ ጥናት የሚተነብይ ሰው ከመረጃው የሌለውን እያወጣ ነው።

ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ

መስክ ላይ ያለው ሥራ ሲያልቅ ብዙዎች ጥናቱ አለቀ ይላሉ። የመረጃ አጠባበቁ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው፤ ትኩረት የሚነፈገውም ይኸው ክፍል ነው።

በትንሹ እንጀምር። እምነት ከ0 (ምንም) እስከ 3 (በጣም) ይለካል እንበል፤ «አላውቅም» ላለ ሰው ደግሞ 9 ይጻፋል። አሥር ሰው ተጠይቆ ስምንቱ 1 ቢሉ፣ ሁለቱ አላውቅም ቢሉ ትክክለኛው አማካይ 1 ነው። 9ኙን ያላወጣ ተንታኝ ግን 2.6 ያገኛል፤ ትንሽ እምነት ያለው ሕዝብ በአንዲት ጠቅታ በጣም የሚያምን ይሆናል። ይህን የሚከላከለው የኮድ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደጠየቀ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚናገር ሰነድ። መዝገቡ የሌለው ፋይል የቁጥር ክምር ነው።

የእኛ መረጃ ደግሞ የራሱ ጣጣዎች አሉት። ቃለ መጠይቁ «3 ሰዓት» ተጀመረ ከተባለ በእኛ አቆጣጠር የረፋዱ ነው፤ የታብሌቱ ሰዓት ግን 9 ይላል። ሁለቱ ሳይለዩ ከተቀላቀሉ ሌሊት የተደረጉ የሚመስሉ ቃለ መጠይቆች ይፈጠራሉ፤ ተቆጣጣሪው የፈጠራ መልስ አገኘሁ ብሎ ሐቀኛውን ሠራተኛ ሊያባርር ይችላል። የትውልድ ዘመን 1990 ተብሎ የተጻፈለት ሰው የ28 ወይስ የ36 ዓመት ሰው ነው? የቦታ ስም በእጅ ሲጻፍ አዲስ ዓለምና አዲስ አለም ለኮምፒውተር ሁለት ከተሞች ናቸው፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እያሉ አንዱ ወረዳ አራት ይሆናል። መድኃኒቱ ስምን በእጅ አለማስጻፍ፣ ከተዘጋጀ ዝርዝር ማስመረጥ ነው።

የፓርቲ ኮድ ከዚህ ይከብዳል። የ2012ቱ የአፍሮባሮሜትር መስክ ሥራ የተጀመረው ብልጽግና ፓርቲ በተመሠረተ በወሩ ገደማ ነበር። በዚያ ሳምንት «ለየትኛው ፓርቲ ቅርበት ይሰማዎታል?» ተብሎ «ኢሕአዴግ» የሚል መላሽ ቢገጥም ኮዱ ምን ይሁን? ወደ ብልጽግና ይቀየር ቢባል፣ ሕወሓት ውህደቱን አልተቀበለም፤ መቀሌ ላይ «ኢሕአዴግ» ያለና ባሕር ዳር ላይ «ኢሕአዴግ» ያለ ሰው አንድ ነገር አላሉም። ደህና የሚባለው አሠራር የመላሹን ቃል እንደወረደ በአንድ ዓምድ ማስቀመጥ፣ የተንታኙን ፍርድ ደግሞ በሌላ ዓምድ ማኖር ነው። ቃሉ ከጠፋ ፍርዱን ማንም መልሶ ሊመረምረው አይችልም።

ቃልን መጣል ምን እንደሚያስከትል አሜሪካኖች በራሳቸው አይተውታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርጫ ጥናት ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ፣ ከምርጫ በፊትና በኋላ ያንኑ ሰው የሚጠይቅ ጥናት ነው። መላሾች ዊሊያም ሬንኲስት የሚባለው ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ይጠየቁ ነበር፤ ሰውየው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነበር። በኮድ አሰጣጡ ደንብ «የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነው» ያለ መላሽ እንዳላወቀ ተቆጠረ፤ ፕሬዚዳንትነቱን ስላልጠቀሰ። «አሜሪካዊ ስለ ፍርድ ቤቱ ምንም አያውቅም» የሚለው ድምዳሜ በዚህ ላይ ተገነባ። በኋላ ሁለት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች፣ ጊብሰንና ካልዴይራ፣ መላሾቹ የተናገሩትን ቃል አስወጥተው ቢያነቡት ከተሳሳቱት ተርታ የተመደቡት ብዙዎቹ ከእውነቱ አጠገብ እንደነበሩ አገኙ። ስህተቱ የተገኘው የመላሾቹ ቃል ተቀምጦ ስለነበር ብቻ ነው።

ቃሉንና ዝርዝሩን ማስቀመጥ ግን ከመላሹ ደኅንነት ጋር ይጋጫል። 131 ቤተሰብ ባለበት ሠፈር «ወንድ፣ 67 ዓመት፣ አናጢ፣ ዲፕሎማ ያለው» ማለት ስሙን ከመጥራት አይተናነስም። ስለዚህ ለሕዝብ በሚለቀቀው ፋይል ላይ የቦታው የጂፒኤስ መጋጠሚያና የቀበሌው ስም ይወጣል፤ ሙሉው ቅጂ ለተፈቀደለት ተመራማሪ ብቻ ይቀመጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሙያ ወግ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ መረጃ የሚሰበስብ ተቋም በሕግም ይጠየቃል። የምርጫ ጥናት ፋይል በማን ሰርቨር ላይ እንዳለ፣ ስምና ስልክ ከመልሱ ተለይቶ መቼ እንደሚጠፋ ከመስክ ሥራው በፊት ካልተወሰነ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

ከሁሉ የሚከብደው በዓመታት መካከል ማነጻጸር ነው። የክልል ኮድ በመንግሥት ስታቲስቲክስ ለብዙ ዓመታት ከ1 ይጀምርና 7 ላይ ደርሶ ወደ 12 ይዘል ነበር፤ አዲስ አበባን ዛሬም ድረስ «ክልል 14» የሚሏት ሰዎች ያሉት ለዚህ ነው። ከ8 እስከ 11 ያልነበረው በሽግግሩ ዘመን ከ7 እስከ 11 የነበሩት አምስት ክልሎች ተዋህደው ደቡብ ሲባሉ 7 ብቻ ስለቀረ ነው። ያ 7 ደግሞ ተመልሶ ተበተነ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጡ፤ በ2015 የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሐዋሳ፣ በቦንጋ፣ በአርባ ምንጭና በሆሳዕና የተጠየቁ አራት ሰዎች በፋይሉ ላይ የአንድ ክልል ነዋሪዎች ናቸው፤ ዛሬ ቢጠየቁ የአራት። «በደቡብ የገዢው ፓርቲ ድጋፍ በአሥር ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ተለወጠ» ለማለት የሚፈልግ ሰው የድሮው ፋይል ዞኑንና ወረዳውን ይዞ ከቆየ እያንዳንዱን መላሽ ወደ አዲሱ ክልል ሊመልሰው ይችላል። ፋይሉ ላይ «7» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ግን የሐዋሳውን ሰው ከቦንጋው የሚለይበት መንገድ የለም።